ቢላ ያልሳልኩባቸው ስድስት ሳምንታት

ክቡራትና ክቡራን፤

የአረጋውያን ማዕከላችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ባምላኩ፣ አብራችሁኝ የሠራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶቼና እናቶቼ፤ የዛሬ ሥራችሁን ትታችሁ፣ አዳራሹን አሳምራችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከቢቸና ማልዳችሁ ተነሥታችሁ እዚህ ሞጣ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶቼም፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ድካማችሁ አይረሳኝም።

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚህ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው አቅርቦልኝ ስበላ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ወጡ ጨው ትንሽ ይቀረዋል። ግን ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊ አይደለሁምና አልናገርም።

አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ከዚያ በላይ እወስዳለሁ። አደራችሁን እንዳታቋርጡኝ። ካቋረጣችሁኝ መልሼ የምጀምርበት ድፍረት አይኖረኝም።

አቶ ባምላኩ ቅድም ስለ እኔ ሲናገሩ፣ «ለአስራ ሁለት ዓመት የማእድ ቤቱን ቢላ በየቅዳሜው ቤቷ እየወሰደች፣ በራሷ ድንጋይ፣ በራሷ ጊዜ እየሳለች ስታመጣልን የኖረች» አሉ። አጨበጨባችሁ። እኔ ወለሉን ነበር የማየው። ከትሕትና ነው ያላችሁ ትኖራላችሁ። ከትሕትና አልነበረም።

በሁለተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። የቆያችሁት ታውቋታላችሁ። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ፤ ፋንታነሽ ትባላለች። ከእኔ ጋር ማእድ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ከሁለት ዓመት በፊት ነው ከዚህ ቤት የወጣችው። ዛሬ እንድትመጣ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። የምናገረውም ከእሷ ፊት መነገር ያለበት ነገር ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ አቶ ይስማው ቢቸና ላይ ሥጋ ሻጭ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ቢላ መሳል የተማርኩት እኔ ነኝ። ድንጋዩን ከፊቴ አስቀምጦ፣ እጄን በእጁ ይዞ ነው ያስተማረኝ። አንድ ቀን የደነዘ ቢላ ይዤ አጥንት ላይ ያለ ሥጋ ልፍቅ ስታገል አየኝና ቀማኝ። «ስለት ያለው ቢላ በወሰድሽው ይሄዳል» አለኝ። «የደነዘውን ግን ትገፊዋለሽ፣ አልሄድም ይልሻል፤ ሲያመልጥሽ የት እንደሚያርፍ አታውቂም። ሰው የሚቆርጠው የደነዘው ነው።» ይህን ስሰማ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንግዲህ ከአስራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

እዚህ ስቀጠር የማእድ ቤቱ ቢላዎች ለዓይን ብቻ ቢላ ነበሩ። አንዳንዴ በገበያ ቀን በመዘውር ቢላ የሚስል ሰው ይመጣል። ሲያዞረው ብልጭታው ያምራል፤ ቢላው ግን ይግላል፣ ስለቱ ይሸረፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይደነዝዛል። እኛ ደግሞ የምናበስለው ለማን ነው? ጥርስ ለሌላቸው አባቶችና እናቶች ነው። ጎመኑ በደቂቁ ካልተከተፈ፣ ድንቹ ካልሳሳ፣ እነሱ አይበሉም ማለት ነው። ስለዚህ አምስት ዓመት እንዲሁ ከታገልኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አስራ አራቱንም ቢላ በጨርቅ እየጠቀለልኩ፣ በዱቄት ከረጢት አድርጌ ቤቴ መውሰድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከረጢቱ ሲንኳኳ ባለባጃጁ ሰማና፣ «እናቴ፣ ምን ይዘው ነው?» አለኝ።

«ቢላ ነው።»

«ስንት?»

«አስራ አራት።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እስከ ቤቴ በር ድረስ መንገዱን ትቶ በመስታወቱ እኔን ነበር የሚያየው።

አባ ወልደ ሰንበትንም ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቅኔ መምህር የነበሩት፣ ከበሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የነበሩት። አንድ ሰው፣ «ወይንእሸት ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስትስል ነው የምትውለው» ሲላቸው፣ «ታዲያ ምነው ሐኪም ቤት አትወስዷትም?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ሲያዩኝ ሁልጊዜ፣ «ሳሉ ተሻለሽ?» ይሉኝ ነበር።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። ድንጋዩ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ልስልስ። ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው። እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ታነጥፋላችሁ። ቢላውን በድንጋዩ ላይ ታስተኙና፣ ጀርባውን ትንሿ ጣት ከሥሩ እንድታልፍ ያህል ከፍ ታደርጋላችሁ። ከዚያ በቀኝ እጅ እየያዛችሁ፣ በግራ እጅ ጣቶች ከላይ ቀስ ብላችሁ እየተጫናችሁ ወደፊት፣ ወደኋላ። አንዱን ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ለጣት የሚሻክር ነገር ይወጣል። ያኔ ትገለብጡታላችሁ። በመጨረሻ በልስልሱ ፊት ታለሰልሱታላችሁ። የበሰለ ቲማቲም ላይ ሳትጫኑ ስታሳርፉት ቆዳውን ከያዘ፣ ሆኗል።

ለአንድ ቢላ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሩብ ሰዓት።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ካቻምና፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ የግማሽ ዓመት ስብሰባ ነበር። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ። ያኔ የንብረት ክፍል ኃላፊ የነበረው አቶ ቢሆነኝ የቆጠራ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ከማእድ ቤት አንድ ትልቅ ቢላ ጎድሏል አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለመሆኑ ወይዘሮ ወይንእሸት ቢላዎቹን እየሳሏቸው ነው ወይስ እየቸረቸሯቸው?» አለ።

ቤቱ ሳቀ። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ዛሬም ቀልድ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሌባ የተባልኩ መሰለኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቢላ ከበር እንዳይወጣ» ብሎ ጨረሰ።

«እሺ» አልኩ።

ይህች «እሺ» ምን እንደነበረች ልንገራችሁ። ቢላ ከበር እንዳይወጣ ተከልክሏል። ድንጋይ ከበር እንዳይገባ የከለከለኝ ሰው ግን አልነበረም። ድንጋዩ ቤቴ ነበር። ከቤቴ እስከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በፌስታል አድርጌ አምጥቼ፣ ማእድ ቤት ጓሮ ቁጭ ብዬ ልስላቸው እችል ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ይህን አሰብኩት። አሰብኩትና፣ «የለም፤ መጀመሪያ ይድከሙ። እኔ ማን እንደሆንኩ ይወቁ። መጥተው ይለምኑኝ» አልኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቢላው ተገኘ። ከዱቄት ማስቀመጫው ሣጥን ኋላ ወድቆ ነበር። አቶ ቢሆነኝ ራሱ ማእድ ቤት ድረስ መጣ። ሰው አልነበረም። «ወይዘሮ ወይንእሸት፣ ቢላው ተገኝቷል። ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደ ድሮው ቢያደርጉ ደስ ይለኛል» አለኝ።

ምን ልበለው? «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» ብለው ኖሮ እኮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በሆዴ፣ በሰው ፊት የሰደበኝ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ አልኩ። «አስብበታለሁ» ብዬ ወደ ጎተራ ገባሁ። ስለዚህ አቶ ቢሆነኝን ዛሬ ማንም እንዳይወቅስብኝ። አሁን ተዛውሮ አማኑኤል ከተማ ነው የሚሠራው፤ የእሱ ነገር በሁለት ሳምንት አልቋል። የቀሩት አራት ሳምንታት የእኔ ብቻ ናቸው።

ቢላዎቹ ደነዘዙ። በቀን ስልሳ ሰው የሚመግብ ቢላ ለመደንዘዝ ጊዜ አይፈጅበትም። ሽንኩርቱ መቆረጡ ቀርቶ ይደፈጠጥ ጀመር። ጎመኑ ይቦጨቃል። አንድ ቀን አባ ወልደ ሰንበት ሳህናቸውን ወደኔ ገፉና፣ «ልጄ፣ ጎመኑ ገመድ ሆነ። እኔና አንቺ በምን ተጣላን?» አሉኝ።

«ኧረ ከእርስዎ ጋር አልተጣላሁም፣ አባ።»

«ታዲያ ከሌላ ሰው ተጣልተሽ እኔ ለምን እጾማለሁ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ሳህኑን አንሥቼ ሄድኩ። ድንጋዩን ግን አላመጣሁም።

ፋንታነሽ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። የመጀመሪያውን ጊዜ፣ «እትዬ፣ ይሄ ቢላ እኮ ሽንኩርት እንኳ እየቆረጠልኝ አይደለም» አለችኝ። «ንብረት ክፍልን ጠይቂ» አልኳት። በሌላው ሳምንት፣ «እትዬ፣ ስጫነው እየሸሸ ያስፈራኛል» አለች። ስሙ፤ እየሸሸ ነው ያለችኝ። አባቴ የነገረኝን ነው በራሷ አፍ የነገረችኝ። «ቀስ ብለሽ ቁረጪ» አልኳት።

ሦስተኛው ሐሙስ ቀን ነው። መጋቢት አምስት ቀን። ሁዳዴ ከገባ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ለምሳ ዱባ ወጥ ነበር። ጠዋት ላይ ፋንታነሽ ዱባውን እያየች፣ «እትዬ፣ ይህን ዱባ በዚህ ቢላ እንዴት ነው የማደርገው?» አለችኝ።

«እንደ ትናንቱ» አልኳት። ቃል በቃል እንደዚህ ነው ያልኳት።

ጎተራ ገብቼ ሽሮ ስሰፍር፣ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም። የሰማሁት ዱባው ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ሲንከባለል ነው። ስወጣ ፋንታነሽ ቆማለች፤ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ጨብጣለች። ቢላው ከዱባው ልጣጭ ላይ ሸሽቶ፣ መዳፏ ላይ፣ ከጣቶቿ ሥር ነው ያረፈው። የመጀመሪያው ቃሏ ምን ነበር መሰላችሁ? «ዱባውን ደም እንዳይነካው አንሡት» ነው ያለችው። ስልሳ ሰው ምሳ እየጠበቀ ነው ብላ።

በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ቁስሉ ተሰፋ። የሁለት ጣት ጅማት ተቆርጧል፣ ቶሎ ባሕር ዳር ሄዳ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። ያ ሳምንት ምን ሳምንት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መንገድ ዝግ ነበር። መኪና የለም። አስራ አንድ ቀን ጠበቅን። ስትደርስ ሐኪሙ ያደረገውን አደረገ፤ ግን ዘግይታለች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና የቀለበት ጣቷ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይታጠፉም።

እስከዚህ ያለውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የሚቀጥለውን ነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የማእድ ቤቱ ኃላፊ ስለሆንኩ የምሞላው እኔ ነኝ። ስም። ቀን። የደረሰው ጉዳት። ከዚያ አንድ መስመር ባዶ ቦታ አለ፤ «የአደጋው መንስኤ» ይላል።

እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «ቢላው ስለደነዘ» ብዬ ብጽፍ፣ ለምን ደነዘ ሊባል ነው። ማን ነው የሚስለው? ወይንእሸት። ለምን አልሳለችም? ያን ጊዜ ማን ምን ይላል?

«የሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አራት ቃል አይሞላም። የፋንታነሽ ቅጥር በኮንትራት ነበር። ጥፋቱ የራሷ ነው ስለተባለ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሚገባውን ሳታገኝ ቀረች፤ ሰኔ ላይ ኮንትራቷ ሲያልቅ አልታደሰም። ማንም ክፉ አላደረገባትም። ሁሉም ወረቀቱን አይቶ ነው የሠራው። ወረቀቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ያን ዓርብ ከሰዓት ቤቴ ሄጄ ድንጋዩን አመጣሁ። አስራ አራቱንም እዚሁ ጓሮ ቁጭ ብዬ ሳልኳቸው። ቸኩዬ ሁለቱን አበላሽቻለሁ። ያዩኝ ሰዎች ምን አሉ? «ወይንእሸት እንዴት ለሠራተኛ ታስባለች!» አሉ። በዓመቱ መጨረሻ አርአያ ሠራተኛ ተብዬ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ቤቴ ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩትም። ይኸው ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ።

ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ፋንታነሽን ገበያ ዳር አያታለሁ፤ ጉልት ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። «እትዬ፣ እንደምን አሉ?» ትለኛለች፤ ተነሥታ። እኔም፣ «ደህና ነሽ?» ብዬ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን መንገድ እቀይር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የጡረታ ደብዳቤዬ ባይደርሰኝ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር ብዬ እፈራለሁ። ደብዳቤውን ሳነብ፣ «ያለ አንዳች ነቀፌታ ያገለገሉ» ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ አላስቻለኝም።

ከወር በፊት፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ። ደነገጠች፤ መቀመጫ አመጣችልኝ። ልጇ መክሊት ከጓዳ ነበረች።

«ፋንታነሽ» አልኳት፣ «ያን ቀን ጥፋቱ የአንቺ አልነበረም።»

«የማን ነበር ታዲያ?»

«የእኔ ነው።»

ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቅጹ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«እኔኮ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያን ቀን ልቤ የት ሄዶ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ምን እያሰብኩ ነበር? ወዴት እያየሁ ነበር? አስቤ አስቤ አጣሁት። እህቴ ወልዳ ሕፃኑን ታቀፊ ስትለኝ እንቢ ብያታለሁ። ሐሳቤ ይሄድብኛል፣ እጥለዋለሁ ብዬ። ፈልቶ የወረደ ውሃ እንኳ መክሊት ናት የምታነሣው። እጄን አላምነውም።»

ጓደኞቼ፣ እኔ የወሰድኩባት ሁለት ጣትና አንድ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በእጇ አስቆመችኝ። ፋንታነሽ በሰባት ዓመት ሥራም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን «እርስዎ» ሳትል ጠርታኝ አታውቅም። ያን ቀን፣ «አንቺ» አለችኝ።

«አንቺ አሁን ለእኔ ብቻ ነግረሽኝ ልታርፊ ነው? በወረቀት የጻፍሽውን፣ ሰው ሁሉ ያነበበውን፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ ነግረሽኝ ልትሄጂ? ሂጂና በሰው ፊት አንሺው።»

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።

ያን ቀን ልወጣ ስል መክሊት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ቢላው ሲንሸራተት አየሁ። ፋንታነሽ ማየቴን አየች። «እሱም ደንዝዟል» አለች። ልስልሽ ብዬ ልወስደው እጄን ስዘረጋ፣ «የቤቴን ቢላ ለአንቺ አልሰጥም። ድንጋዩን አምጪና ለልጄ አሳያት» አለችኝ።

ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። መክሊት ቶሎ ያዘችው። ፋንታነሽ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር የተቀመጠችው። በሦስተኛው ቅዳሜ መጥታ፣ «ተነሺ» ብላ ልጇን አስነሣችና ራሷ ተቀመጠች። እነዚያ የማይታጠፉ ሁለት ጣቶቿን ቢላው ላይ ዘረጋቻቸው። ሁለት ጊዜ አመለጣት። ከዚያ አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው ሳለችው፤ ገልብጣም ሌላውን ሳለች።

ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ተስተካክሏል ለማለት አይደለም። ጣቶቿ አይታጠፉም። ይቅርም አላለችኝም። ዛሬ የመጣችውም ይቅር ልትለኝ ሳይሆን ልትሰማ ነው። መብቷ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአቶ ባምላኩ አንድ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ወይዘሮ ወይንእሸት፣ ይህ ከስንብቱ በኋላ ቢሆን አይሻልም? በደህና ቀን ራስዎን ለምን ያዋርዳሉ?» አሉኝ። ለእኔ አስበው ነው፤ አመሰግናለሁ። «ከስንብቱ በኋላ እኔ እዚህ ቤት ማን ነኝ? የምናገርበት ሌላ ቀን የለኝም» አልኳቸው። ደብዳቤው አጭር ስለሆነ ቅጂውን ላንብብላችሁ፤

«ካቻምና መጋቢት አምስት ቀን በወይዘሮ ፋንታነሽ ላይ የደረሰው ጉዳት በእሷ የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አይደለም። ቢላዎቹ ደንዝዘው ነበር። መደንዘዛቸውን ሦስት ጊዜ አመልክታለች። መሳል እየቻልኩ ሆን ብዬ ያልሳልኳቸው፣ በማግስቱም ቅጹን ከእውነት ውጭ የሞላሁት እኔ ወይንእሸት ይስማው ነኝ። ፋይሏ እንዲስተካከል፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሚገባው ሁሉ እንዲሰጣት፣ በእኔም ላይ ሕጉ የሚያዘው እንዲፈጸም አመለክታለሁ።»

አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ደፍታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችኋል። ልክ ናችሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያከበራችሁኝ ሰዎች ናችሁና፣ ከማላውቀው ሰው ቁጣ የእናንተ ዝምታ ይከብደኛል። እችለዋለሁ።

ማእድ ቤት ለምትቀሩት አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በፊት ስለቱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ሲያኮርፍ ምን እንደሆነ ሰምታችኋል። አሁን ሁለት ድንጋይ መሳቢያው ውስጥ አለ። ሁላችሁም መሳል ትችላላችሁ፤ ከአንዳችሁ በስተቀር ሁላችሁንም አሳይቻለሁ፤ የቀረችውም ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ነገ ቤቴ ትምጣ። ቅዳሜ አትጠብቁ። ቢላው ሽንኩርት ላይ ከተንሸራተተ፣ ያን ጊዜውኑ ሥራ አቁሙና ሳሉት። ምሳ ሩብ ሰዓት ቢዘገይ አባቶቻችን ይታገሡናል። አንዲት ሠራተኛ ደግሞ፣ «ያስፈራኛል» ካለቻችሁ፣ «ቀስ ብለሽ ቁረጪ» አትበሏት። ሥራውን አስቁሟት።

ቅጽ ለምትሞሉትም እንዲሁ። ያቺ አንድ መስመር ባዶ ቦታ ላይ ስትደርሱ፣ የሌላ ሰው ስም ከመጻፋችሁ በፊት ያን ሳምንት እናንተ ምን ስታደርጉ እንደነበር አስቡ።

በሉ እንግዲህ፤ ልመርቃችሁና ልሂድ። እኔ ለመመረቅ የሚበቃ አፍ እንዳለኝ አላውቅም። ግን ዕድሜዬ ያስገድደኛል፣ እናንተም ከእኔ ትጠብቃላችሁ።

ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የምትጎርሱት ሁሉ የሚስማማችሁ ይሁን፤ የሚያጎርሳችሁ እጅ አይጥፋ። የምታበስሉ እህቶቼ፣ እጃችሁ ጠዋት እንደገባ ማታ ሙሉውን ይውጣ። ከሩቅ አገር ተመድባችሁ መጥታችሁ ይህን ቤት ቤታችሁ ያደረጋችሁ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ መንገዱ ተከፍቶ በሰላም እናቶቻችሁን የምታዩ ያድርጋችሁ። ከሰው የተኳረፋችሁ ካላችሁ፣ ኩርፊያችሁ ሌላ ሰው ላይ ሳያርፍ የምትታረቁበትን ልብ ይስጣችሁ። ለልጆቻችሁ ስማችሁን በንጽሕና የምታወርሱ ሁኑ። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን።

ፋንታነሽ፤ ስለመጣሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን ቀን ልብሽ የትም አልሄደም ነበር። ዱባው ላይ ነበር፤ ሥራሽ ላይ። የእህትሽን ልጅ ታቀፊው።

አቶ ባምላኩ፣ ደብዳቤው እጅዎ ላይ ነው። ከሥሩ መቀበልዎን የሚያረጋግጡበት የፊርማ ቦታ ትቼበታለሁ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ቢፈርሙበት ደስ ይለኛል። እኔም እስኪፈርሙ ድረስ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።